የአውሮፓን የቅጂ መብት ሕግ ስንጠቅስ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአውሮፓ ኅብረት የቅጂ መብት ሕጉን ከዲጂታል ዘመን ጋር ለማጣጣም እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው መመሪያ ዛሬም በስፋት ይነሣል፤ ነገር ግን አብዛኛው ሰው የሚያነሣው አንብቦት ሳይሆን ሰምቶት ነው። በዚህም የተነሣ በአውሮፓ ከተሞች ቪዲዮ የሚያሰራጩና የዜና ገጽ የሚያዘጋጁ ወገኖቻችን አንዳንዶቹ ሕጉ የማይከለክለውን ሥራ በፍርሃት ይተዋሉ፣ ሌሎቹም በሌለ ፈቃድ ይተማመናሉ።

መሠረታዊው ስህተት መመሪያውን በመላው አውሮፓ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚሠራ ሕግ አድርጎ መውሰድ ነው። መመሪያው ሊደረስበት የሚገባውን ግብ ይደነግጋል፤ ዝርዝር ሕጉን የሚያወጣው ግን እያንዳንዱ አባል አገር ነው። ለዚህ የተሰጠው ጊዜ ጁን 7 ቀን 2021 ሲያበቃ ብዙዎቹ አገሮች ገና አልጨረሱም ነበርና በቀጣዩ ወር የአውሮፓ ኮሚሽን ለ23 አገሮች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል። ብሪታንያ ከኅብረቱ ስለወጣች መመሪያውን በሕጓ አላካተተችም፤ ስዊዘርላንድም የራሷ ሕግ አላት። ስለዚህ ለንደን የሚኖር ሰው ይህን መመሪያ ቢጠቅስ የሚሰማው አያገኝም። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጉዳዩ የሚታየው በየትኛው አገር ሕግ እንደሆነ ነው።

“እስከ 15 ሰከንድ ሙዚቃ መጠቀም ይቻላል” የሚለው አባባልም ከዚሁ ስህተት የተወለደ ነው። ቁጥሩ በመመሪያው ውስጥ የለም፤ የጀርመን ሕግ ነው። ከኦገስት 1 ቀን 2021 ጀምሮ የሚሠራው ይህ ሕግ እስከ 15 ሰከንድ የሚደርስ ድምፅ ወይም ተንቀሳቃሽ ምስል፣ እስከ 160 ሆሄያት የሚደርስ ጽሑፍ ወይም እስከ 125 ኪሎባይት የሚደርስ ፎቶግራፍ የያዘ ሥራ፣ እንደ ዩቲዩብ ያሉ መድረኮች የሚጫነውን ይዘት በሚፈትሹበት ማጣሪያ ማሽን ብቻ ወዲያውኑ እንዳይታገድ ይከላከላል። ይህም የሚሆነው የተወሰደው ከዋናው ሥራ ከግማሽ በታች ሲሆን፣ ከሌላ ይዘት ጋር ሲቀናበርና ለንግድ ሳይውል ወይም የሚያስገኘው ገቢ እጅግ አነስተኛ ሲሆን ነው። አንድ ሰው የዘፈን 12 ሰከንድ አሰምቶ ስለ ቅኝቱ ትችት ቢያቀርብ በዚህ ጥበቃ ሊጠቀም ይችላል፤ አዝማቹን ቆርጦ እንዳለ የጫነው ሰው ግን ሰከንድ ቆጠርኩ ቢል አያድነውም። በሁለቱም ሁኔታ የመብቱ ባለቤት ሥራው እንዲነሣ የመጠየቅ መብቱ አልተነካም፤ ሕጉ የገደበው የማሽኑን ችኮላ ነው።

ሦስተኛው፣ በእኔ ግምት ብዙ ሰው የሚጎዳበት ስህተት፣ ቪዲዮው ሲነሣበት ዝም ማለት ነው። የመመሪያው አንቀጽ 17 ትልልቅ መድረኮችን ተጠቃሚዎቻቸው ለሚጭኑት ይዘት ተጠያቂ ያደረገ ቢሆንም፣ ጥቅስን፣ ትችትን፣ ግምገማንና በማስመሰል መቀለድን አባል አገሮች ሁሉ እንዲፈቅዱ በግልጽ ያዛል። ፖላንድ አንቀጹ ሐሳብን የመግለጽ ነጻነትን ይጥሳል ብላ ስትከስ፣ የኅብረቱ ፍርድ ቤት ኤፕሪል 26 ቀን 2022 ክሱን ውድቅ ያደረገው እነዚህ መብቶች በቂ ጥበቃ አላቸው በማለት ሲሆን፣ ሕጋዊውን ይዘት ከሕገ ወጡ በበቂ ሁኔታ የማይለይ ማጣሪያም ተቀባይነት እንደሌለው ገልጿል። ቅሬታ ሲቀርብ ውሳኔውን ሰው ሊመረምረው ይገባል። ጀርመን ውስጥ መድረኩ ከአንድ ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ መወሰን አለበት። ቅሬታውን ስንጽፍ “ቪዲዮው የእኔ ነው” ከማለት ይልቅ ከስንተኛው እስከ ስንተኛው ደቂቃ የሌላ ሰው ሥራ እንዳለና ለምን እንደጠቀስነው ማስረዳት እጅግ ይጠቅማል።

የዜና ሊንክ ማጋራት ያስከፍላል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። አንቀጽ 15 ሊንክንና በጣም አጭር ቅንጫቢን አይከለክልም፤ ሙሉ ዜናውን ገልብጦ በራስ ገጽ መለጠፍ ግን ከዚህ መመሪያ በፊትም የተከለከለ ነበር። አንቀጹ ለዜና አሳታሚዎች የሰጠው፣ ጽሑፋቸው በበይነ መረብ አገልግሎቶች ያለ ፈቃድ እንዳይገለበጥ የመከልከል መብት ለሁለት ዓመት የሚቆይና በኅብረቱ አገሮች ለተቋቋሙት ብቻ የሚሠራ በመሆኑ፣ አዲስ አበባ ብቻ የሚታተም ጋዜጣ ይህን አንቀጽ መጥቀስ አይችልም።

የጥበቃ ዘመኑ ያለፈበትን ሥዕል ፎቶግራፍ በተመለከተ፣ ሙዚየሙ “መብቱ የእኔ ነው” ስላለ ብቻ መቀበል ተገቢ አይደለም፤ ሥዕሉን እንዳለ ከመቅዳት ያለፈ የራሱ ፈጠራ የሌለው ፎቶግራፍ በአንቀጽ 14 መሠረት ጥበቃ አያገኝም።

በመጨረሻም፣ ጽሑፎቻቸው ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ለማሠልጠን እንዳይወሰዱ የሚፈልጉ የገጽ ባለቤቶች ዝም ካሉ ሕጉ እንደ ተቃወሙ አይቆጥርላቸውም። አንቀጽ 4 በሕጋዊ መንገድ የተገኘን ጽሑፍ በኮምፒውተር መልቀም (ለትንተና በብዛት መቅዳት) የሚፈቅደው ባለመብቱ እስካልተቃወመ ድረስ ስለሆነ፣ በይነ መረብ ላይ ለሚገኝ ጽሑፍ ተቃውሞው ማሽን ሊያነበው በሚችል መልክ በገጹ ላይ መቀመጥ አለበት። ይህ ተቃውሞ ግን በአንቀጽ 3 ለሳይንሳዊ ጥናት የሚለቅሙትን የምርምር ተቋማትና የባህል ቅርስ ተቋማት አያግድም።