ሰመመን ሲጀመር ግፊት የሚጥሉ ስህተቶች

ኦፕራሲዮን ሲባል ሰው ሁሉ የሚፈራው ምላጩን ነው። ልብና የደም ዝውውር ግን ብዙ ጊዜ የሚፈተኑት ከዚያ በፊት ነው፤ በደም ሥር የሚሰጠው የሰመመን መድኀኒት በገባ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች። ይህን የምጽፈው በተለይ ገና ሥራ ለጀመራችሁ የአንስቴዥያ ባለሙያዎች ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች በአብዛኛው ከመድኀኒቱ ምርጫ ይልቅ ከመጠኑና ከፍጥነቱ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ኬታሚን ስለተባለው የሰመመን መድኀኒት ያለው «ኬታሚን ግፊት አይጥልም» የሚለው እምነት ነው። እኛ አገር ሥር የሰደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ኬታሚን ርካሽ ነው፣ ትንፋሽን ብዙም አይጫንም፣ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኀኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። ግን ግፊት የሚጨምረው በራሱ ጉልበት አይደለም። ሲምፓቴቲክ ነርቮችን (ሰውነትን ለአደጋ የሚያነቁትን) ቀስቅሶ የሰውነትን አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ያሠራል። በራሱ የልብ ጡንቻን ያደክማል። ጤነኛ ሰው ላይ ቅስቀሳው ድካሙን ስለሚሸፍነው አይታየንም።

አሁን ከማህፀን ውጪ ያረገዘች ሴት መጣች እንበል። ቱቦው ፈንድቷል፣ ሆዷ ደም ሞልቷል። 50 ኪሎ ናት፤ የልብ ምቷ 140፣ ግፊቷ 80/50። እስካሁን ያቆያት የራሷ አድሬናሊን ነው፤ እሱም እያለቀ ነው። እዚህች ሴት ላይ በኪሎ 2 ሚሊግራም ሒሳብ 100 ሚሊግራም ኬታሚን ባንዴ ብትገፉ፣ የሚቀሰቀስ ነገር ስለሌለ የልቡ ድካም ብቻ ይቀራል። ግፊቷ እጃችሁ ላይ ይወርዳል። ለእሷ ኬታሚን አሁንም ጥሩ ምርጫ ነው። መጠኑ ግን በኪሎ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊግራም ይሁን፣ ቀስ ተብሎ ይሰጥ፤ ደሙም እየገባ፣ ሐኪሙም ታጥቦና ለብሶ አጠገቧ ቆሞ።

ሌላው ስህተት ይኸው ኬታሚን «ለልብ በሽተኛ ሁሉ ይሆናል» ማለት ነው። አገራችን ውስጥ በሩማቲክ በሽታ ሚትራል ቫልቫቸው (በልብ ግራ በኩል ደም የሚያልፍበት በር) የጠበበ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ጠባብ ቫልቭ ደም ለማሳለፍ ጊዜ ይፈልጋል። ኬታሚን ደግሞ ልብን ያፈጥናል፤ ልብ ሲፈጥን ያ ጊዜ ያጥራል፣ ደሙ ወደ ኋላ ተመልሶ ሳንባ ላይ ይከማቻል። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራት ወጣት ካለች፣ መድኀኒት ከመቅዳታችሁ በፊት ደረቷን አዳምጡ።

ፕሮፖፎል የተባለው ሌላው የሰመመን መድኀኒት ላይ ደግሞ በአምፑል የማሰብ ልማድ አለ። የተለመደው አምፑል 20 ሚሊሊትር ነው፤ ውስጡ 200 ሚሊግራም አለ። ነጩ መድኀኒት አንዴ ሲሪንጅ ውስጥ ከገባ ጨርሶ መግፋት ያምራል። ፕሮፖፎል የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ቧንቧው ሲሰፋ ውሃው ያው ሆኖ ግፊቱ እንደሚወርደው ማለት ነው። ታዮፔንታል የተባለው የቆየ የሰመመን መድኀኒት ሲሰጥ ልብ ፈጠን ብሎ በመጠኑ ያካክሳል። ፕሮፖፎል ግን ያንን ምላሽም ያደበዝዘዋል። ስለዚህ 55 ኪሎ ለሚመዝኑ የ75 ዓመት አባት፣ ለጎልማሳ የሚሰጠውን በኪሎ 2 ሚሊግራም ማሰብ አይገባም። በኪሎ 1 ሚሊግራም አካባቢ፣ ማለትም 5.5 ሚሊሊትር ገደማ፣ ያውም ከፋፍሎ መስጠት ብዙ ጊዜ ይበቃቸዋል።

እዚህ ላይ ትዕግሥት ማጣት ይመጣል። ጤነኛ ጎልማሳ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ውስጥ ይተኛል። ልቡ የደከመ ሰው ወይም ሽማግሌ ጋ ደሙ ቀስ ብሎ ስለሚዞር መድኀኒቱ አንጎል ለመድረስ ይዘገያል። «አልተኙም» ብላችሁ ስትጨምሩ፣ የመጀመሪያውና ሁለተኛው ተከታትለው ይደርሳሉ። ሰዓት እያያችሁ ጠብቁ። ሚዳዞላም (ማረጋጊያ) ወይም ፈንታኒል (ጠንካራ ማስታገሻ) ቀድሞ ከተሰጠ ደግሞ እርስ በርስ ስለሚበረታቱ የፕሮፖፎሉ መጠን መቀነስ አለበት።

የግፊት መለኪያውን በየ5 ደቂቃው ላይ ትቶ መጀመርም አለ። በ5 ደቂቃ ብዙ ነገር ይበላሻል፤ እስኪረጋጋ በየደቂቃው ይለካ። ታማሚው የግፊት መድኀኒት፣ በተለይ ኢናላፕሪል፣ ጠዋት ውጦ እንደመጣም ጠይቁ። ግፊቱ ሰመመን ሲጀመር በቀላሉ ሊወርድና አልመለስ ሊል ይችላል።

በመጨረሻ፣ ግፊት ከወደቀ በኋላ መድኀኒት ፍለጋ መሮጥ። ግፊት የሚያነሱት ኢፌድሪን ወይም ፌኒሌፍሪን ካሉ ከመጀመራችሁ በፊት ተቀድቶ ይቀመጥ። ያለው አድሬናሊን ብቻ ከሆነ፣ 1 ሚሊግራሙን አምፑል 100 ሚሊሊትር ኖርማል ሳላይን ውስጥ ስትጨምሩት እያንዳንዱ ሚሊሊትር 10 ማይክሮግራም ይይዛል፤ ከዚያ ግማሽ ወይም አንድ ሚሊሊትር እየሰጣችሁ ምላሹን እዩ። ልቡ እየመታ ላለ ሰው ያልተበጠበጠውን አምፑል መግፋት በራሱ ሊገድል ይችላል። ከረጢቱም ሲሪንጁም ላይ ስሙንና መጠኑን በጉልህ ጻፉ። ያልተጻፈበት ሲሪንጅ ካገኛችሁ፣ ማን ቀዳው ብላችሁ ሳትከራከሩ ጣሉት።