ርችት ያስደነገጠው ውሻ እንደገና ደጅ እንዲሸና

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ርችት ባለፈ ማግስት ብዙ ግቢ ውስጥ የሚታይ ነገር አለ። ዓመት ሙሉ ደጅ ሲሸና የኖረ ውሻ ከበረንዳው አልወርድ ይላል። ጎትተው ሲያወጡት ጅራቱን እግሩ መሃል ሸጉጦ ይቆማል፤ መልሰው ሲያስገቡት ሳሎን ምንጣፍ ላይ ይለቀዋል። ያኔ «እልኸኛ ሆነ» ይባላል። እልኸኛ አልሆነም። ሰውነት ሲፈራ ሽንት የሚገፋው የፊኛ ጡንቻ ይላላል፣ መውጫው ደግሞ ይጠብቃል፤ ቢፈልግም አይመጣለትም። ቤት ገብቶ ሲረጋጋ ግን ወዲያው ይለቀቃል። እንግዲህ ሥራችሁ ከፍርሃቱ ጋር ነው፤ ፍርሃቱ ሲለቀው ሽንቱ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ከሁሉ በፊት ሕመም አለመሆኑን አጣሩ። ደጋግሞ እያማጠ ጠብታ ብቻ የሚወጣው፣ ሽንቱ ደም የቀላቀለ፣ ወይም አንድ ቀን ሙሉ ቤትም ደጅም ያልሸና ውሻ የእንስሳት ሐኪም ይየው። በተለይ ወንድ ውሻ አምጦ አምጦ ምንም ካልወጣው ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል እስከ ነገ አይቆይም። ቤት እንዳይሸና ብሎ ውሃ መከልከልም አይገባም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ጨርሶ አታስወጡት። በረንዳው ላይ፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ሻወር ቤት ውስጥ፣ ላስቲክ አንጥፉና ከግቢ የመጣ አፈርና ሳር አልብሱት፤ ስፋቱ ዞሮ ለመቆም የሚበቃው ይሁን። ጋዜጣም ያገለግላል፤ ችግሩ ውሻው ወረቀት ላይ መሽናት ይለምድና በኋላ ከሳር ጋር እንደገና ማስታረቅ ይመጣል። አንዴ ከሸናበት በኋላ የራሰውን አፈር አትጣሉት፤ ከደጁ ቦታ ላይ በትኑት። ሽታው ከቃል ትእዛዝ ይልቅ ያስረዳዋል።

ደጅ የምትመርጡለት ቦታ የድሮው መሆን የለበትም። ርችቱ ሲተኮስ በሰንሰለት ታስሮ የነበረ ውሻ የፈራው ድምፁን ብቻ አይደለም፤ መሸሽ ያቃተውን ያንን ጥግ ጭምር ነው። ስለዚህ ከማሰሪያው፣ ከውጭ በርና ከቆርቆሮ አጥር የራቀ፣ ለቤቱ በር የቀረበ ቦታ ፈልጉ። ክረምቱ ገና ካልወጣ ከጣሪያ አሸንዳ ሥር አይሁን።

አሁን መውጣት ይጀመር። የግቢውን በር ዝጉ። የአንገት ማሰሪያ የደነገጠ ውሻ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ በጭንቅላቱ ስለሚወልቅ፣ በደረቱና በትከሻው የሚያልፈውን አስሩለትና ከ3 እስከ 5 ሜትር ገመድ አያይዙበት። ገመዱ ላላ ይበል፣ አትጎትቱት። የቤቱ በር ከኋላው ክፍት ይሁን፤ መመለሻውን የሚያይ ውሻ የበለጠ ይደፍራል። እናንተም ጎን ሰጥታችሁ ቁሙ፤ ዓይን ዓይኑን እያዩ «ሽና! ሽና!» ማለት ሽንት የሚያስረሳው ለሰውም ጭምር ነው።

ሰዓቱን ከሆዱ ጋር አስማሙት። ሽንት ከረጅም እንቅልፍ በኋላ፣ ሰገራ ደግሞ ከበላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይቀርበዋል። ሰፈሩ ጸጥ የሚልበትን ሰዓት እናንተ ታውቃላችሁ፤ ማይክ፣ ጄኔሬተርና የሚያላዝኑ የመንደር ውሾች የሌሉበትን ምረጡ።

ኪሳችሁ ውስጥ ሽምብራ በሚያክል መጠን የተቆራረጠ ቅቅል ጉበት ይኑር፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውሻን ስለሚመርዙ ያለ እነርሱ ይቀቀል። ጉበቱ ሽልማት ብቻ ሳይሆን መለኪያም ነው። ቤት ውስጥ የሚሻማበትን ጉበት ደጅ ላይ ካልነካው፣ ከሚችለው በላይ አርቃችሁታል ማለት ነው። ሁለት ሦስት ሜትር ወደ በሩ ተመለሱ። አፉን ቶሎ ቶሎ መላስ፣ ያለ እንቅልፍ ማዛጋት፣ አንድ እግር አንስቶ መቆም፣ ያለ ሙቀት ማለክለክም ያንኑ ይናገራሉ። በልቶ መሬቱን ማሽተት ከጀመረ ግን ነገሩ ቀንቷል።

ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ካልሸና ያለ ቁጣ አስገቡት፣ ከዓይናችሁ አታርቁት፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ሞክሩ። ከሸና ሲጨርስ ወዲያው ጉበቱን ስጡት፤ በመሃል ከሰጣችሁት ያቋርጠዋል። ከዚያ መግባት ከፈለገ ይግባ። ለደፋር ውሻ ደጅ ትንሽ መጫወት ሽልማት ነው፤ ለዚህኛው ግን ሽልማቱ ቤቱ ነው። ሲቀናው በቀን አንድ ሁለት እርምጃ ብቻ ጨምሩ።

ቤት ውስጥ ቢያመልጠው አትምቱት፣ አፍንጫውንም ሽንቱ ላይ አታሹት። ከዚህ የሚማረው ሰው ፊት መሽናት አደገኛ መሆኑን ነው፤ ከዚያ ገመዱን ይዛችሁ አጠገቡ ስትቆሙ ጭራሽ አይሸናም። ወለሉን በበረኪናም አታጽዱ፤ ከሽንት ጋር ሲገናኝ ለሳንባ መጥፎ ጋዝ ያወጣል። ሽንቱን በጨርቅ ምጠጡና አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ እሹት።

ዳሩ ግን ይሄ ሁሉ ተደርጎ ውሻው ሲያገግም ደመራ ይደርሳል። የዋዜማው ርችት ካለፈ ገና ሁለት ሳምንት ከምናምን ነው። መስከረም 16 ከሰዓት በኋላ፣ ችቦው ሳይለኮስ፣ በ9 ሰዓት ገደማ አስወጡት፤ ከዚያ የውስጥ ክፍል አስገብታችሁ መጋረጃውን ዝጉ፣ ራዲዮ ክፈቱ። «ዘበኛ ነው» ተብሎ በሰንሰለት ደጅ አይደር። መጥቶ ከተጠጋችሁ አባብሉት፤ ፍርሃት በማባበል አይባባስም። ባለፈው በጣም ተሸብሮ ከነበረ ቀደም ብላችሁ ሐኪሙን አማክሩ፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ድምፁ ሳይጀምር ሲሰጥ ነው። አሴፕሮማዚን የሚባለው ማፍዘዣ መድኃኒት ብቻውን ከታዘዘ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ሰውነቱን ያፈዘዋል እንጂ ፍርሃቱን አይቀንስለትም። የሰው ማረጋጊያ ግን ከራሳችሁ አትስጡ።

መስከረም 17 ጠዋት ደርሶበት ከነበረው ቦታ ሳይሆን፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሜትር ወደ በሩ ቀርባችሁ ቀጥሉ።