ካሜራ ስንገዛ በሴንሰር ስፋት ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች፦ ለድሬና ለሐረር ልጆች

ድሬ ታይዋን ገበያ ገብቶ ካሜራ የሚያይ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው "ስንት ሜጋፒክስል ነው?" ብሎ ነው። ስህተቱ እዚሁ ላይ ይጀምራል። ሜጋፒክስል ፎቶው ስንት ነጥብ እንዳለው ብቻ ነው የሚናገረው፤ ምን ያህል ብርሃን እንደሚሰበሰብ የሚወስኑት ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን ወደ ምስል የሚቀይረው ቺፕ) እና ሌንሱ ናቸው። ፉል ፍሬም የሚባለው ትልቁ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ክሮፕ የምንለው አነስ ያለው ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ደግሞ 23.5 በ15.6 አካባቢ፣ ካኖን ላይ ትንሽ ያንሳል። የስልክ ሴንሰር ከነዚህ ጋር አይወዳደርም። 108 ሜጋፒክስል ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ስልኮች እንኳ ዘጠኝ ዘጠኝ ፒክስል አጣምረው 12 ሜጋፒክስል ፎቶ ነው የሚሰጧችሁ።

ስም አምኖ መግዛትም አለ። "1 ኢንች ሴንሰር" የሚባለው በማስመሪያ ሲለካ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው። ረጅሙ ጎኑ ግማሽ ኢንች ቢሆን ነው! አጠራሩ ከድሮ የቪዲዮ ካሜራ ቱቦ የተወረሰ ነው፤ ስለዚህ ኢንቹን ትታችሁ ሚሊ ሜትሩን ጠይቁ።

ብዙ ብር የሚያስወጣው ግን "ፉል ፍሬም ከገዛሁ የማታው ነገር አለቀ" የሚለው ነው። ሐረር ከግንቡ ውጭ ማታ ጅብ ሲቀለብ ማንሳት ፈለጋችሁ እንበል። ያለው የመኪና ወይም የባጃጅ መብራት ነው፣ ጅቡ ደግሞ አይቆምላችሁም፣ ስለዚህ ሻተሩን (ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ማዘግየት አትችሉም። ፉል ፍሬም ከክሮፕ በስፋት 2.3 እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ አይኤስኦ (ካሜራው ምስሉን የሚያደምቅበት መጠን) 6400 ላይ የሚያሳያችሁ ኖይዝ (ምስሉ ላይ የሚታየው ብናኝ ነጠብጣብ) ክሮፑ 3200 እንኳ ሳይደርስ የሚያሳየውን ያህል ነው። ጥሩ ጥቅም ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ገንዘቡ ሁሉ ቦዲው (ያለ ሌንስ ካሜራው ብቻ) ላይ አልቆ የምትጠቀሙት ዙም ሌንስ ኤፍ 5.6 ላይ የሚቆም ከሆነ (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል)፣ ጓደኛችሁ ክሮፕ ካሜራ ላይ ርካሹን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ገጥሞ ይበልጣችኋል፤ ምክንያቱም እሱ ሌንስ ከናንተው ከ9 እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። መጀመሪያ ሌንስ፣ ከዚያ ቦዲ። ቀን ላይ ከሆነማ ድሬ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ስር፣ አይኤስኦ 100 ላይ የተነሳ ፎቶ ቴሌግራም ጨምቆ ከላከው በኋላ የትኛው ካሜራ እንዳነሳው የሚለይ ሰው ካለ እኔ ምሳ እጋብዛለሁ።

ይኸው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጀጎል ውስጥ ግን ጉድ ይሠራችኋል። ክሮፕ ላይ ሲገጠም የሚያሳየው ፉል ፍሬም ላይ 75 ሚሊ ሜትር የሚያሳየውን ነው፣ ካኖን ከሆነ 80። በጠባቡ መንገድ ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁም ሰውየው በቁመቱ አይገባም። መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር መንገድ ላሉት ልብስ ሰፊዎችና ለሐረሪ ቤት ውስጠኛ ክፍል ክሮፕ ላይ 24 ወይም ከዚያ ያነሰ ይዛችሁ ሂዱ።

የክሮፕ ሌንስ ይዞ ወደ ፉል ፍሬም መሻገርም ስሌት ይፈልጋል። ኒኮን ላይ ይገጠማል፣ ግን ካሜራው ራሱ ምስሉን ይቆርጠዋል፣ 24 ሜጋፒክስሉ 10 አካባቢ ይሆናል። የካኖን የክሮፕ ሌንስ የሆነው ኢኤፍ-ኤስ ደግሞ የድሮዎቹ ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአሮች (ውስጣቸው መስታወት ያላቸው ካሜራዎች) ላይ ጭራሽ አይገባም።

ሠርግ የምታነሱ ደግሞ ይሄን ስሙ። ፉል ፍሬም ባክግራውንዱን በደንብ ያደበዝዛል፤ ለሙሽሮቹ ብቻ ሲሆን ያምራል። ቤተሰብ በሦስት ረድፍ ቆሞ በኤፍ 1.8 ካነሳችሁ ግን ከኋላ ያሉት አጎቶች ደብዝዘው ይቀራሉ፣ ከዚያ ወቀሳውን ቻሉት። ሁሉም ጥርት እንዲል ወደ ኤፍ 8 ስትዘጉ ብርሃን ይቀንሳል፣ አይኤስኦ ይጨምራል፣ ክሮፑ ግን በኤፍ 5.6 ከፊት እስከ ኋላ ያንኑ ያህል ጥርት አድርጎ ስለሚያሳይ በትልቁ ሴንሰር ያገኛችሁት ብልጫ አብዛኛው እዚያው ያልቃል።

የድሬን ሙቀት የሚረሳም አለ። ሴንሰር ሲሞቅ ኖይዝ ይጨምራል፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ። በተለይ ማታ በትራይፖድ ሻተሩን ረዘም አድርጋችሁ ስታነሱ ነጫጭና ቀያይ ነጥቦች ታያላችሁ። ቀን 4ኬ ቪዲዮ ስትቀርጹ ደግሞ አንዳንድ ካሜራ ሞቆ ራሱን ያጠፋል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፣ በቀረጻ መሐልም አጥፋችሁ ጥላ ስር አሳርፉት።