ማርሚታ ከቀየራችሁ ካንዴላውን ተመልከቱ

ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ባለው ሞተር ሳይክል ላይ ጭስ በቀላሉ የሚያስወጣ ማርሚታ ከገጠማችሁ ሥራው ገና ግማሽ ነው። ሞተሩ ከበፊቱ የበለጠ አየር ይስባል፤ ቤንዚኑ ግን ለድሮው ማርሚታ እንደተለካ ነው። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከልክ በላይ ይሞቃል፣ የነዳጅ እጀታውን ስትመልሱም ከኋላ ይተኩሳል። ይህን ተኩስ የጉልበት ምልክት አድርጎ የሚኮራበት ብዙ ነው፤ እባካችሁ አትሳሳቱ!

መጀመሪያ ማርሚታው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበትን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እዩ፤ አየር ካስገባም ይተኩሳል። እሱ ደህና ከሆነ፣ ሞተሩ ሞቆ ረጅም ዳገት በሙሉ ነዳጅ ከወጣችሁ በኋላ ዳር ይዛችሁ ወዲያው አጥፉት። ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን፣ ማለትም ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን፣ ፍቱ። የነጩ ሸክላ ጫፍ ቀላል ቡናማ ከያዘ ልኩ ነው። ንጣቱ እንዳለ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፤ ዋናውን ጂግለር (ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) በአንድ ቁጥር ከፍ አድርጉና ደግማችሁ ፈትሹ። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ በዝቷል።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። እዚህ ልክ የሆነው ጂግለር አዋሽና ሰመራ ሲወረድ ሊያንስ ስለሚችል፣ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ተለቅ ያለውን ያዙ።