የድሮ ዊንዶውስ አልነሳ ሲል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዊንዶውስ ኤክስፒ ወይም በዊንዶውስ 7 የሚሠራ ኮምፒውተር ዛሬም ያላቸው ሰዎች አሉ። አንዱ የለመደው የሂሳብ ፕሮግራም አለው። ሌላው አዲስ ሲስተም የማይቀበለው ስካነር ወይም ማሽን አለው። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ለ7 ደግሞ በ2020 አቁሟል። ሥራው ግን አልቆመም።

እንዲህ ያለው ኮምፒውተር አንድ ቀን አልነሳ ሲል ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው ቃል «ፎርማት ይደረግ» ነው። ይህን ስሰማ እደነግጣለሁ። ፎርማት ከተደረገ በኋላ ችግሩ ሌላ ቦታ እንደነበር ሲታወቅ ደጋግሜ አይቻለሁ። ያኔ ፋይሉ ሄዷል።

ስክሪኑ የሚለውን ሳያነቡ መጀመር

ኮምፒውተር ሲበራ ሥራው በቅብብል ነው። ባዮሱ፣ ማለትም እናት ቦርዱ ላይ ያለውና ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም፣ ሀርድ ዲስኩን ይፈልጋል። ከዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር (ትንሽ የዲስክ ቁራጭ) ላይ አጭር ኮድ ያነባል። ያ ኮድ ማስነሻ ፋይሉን ይጠራል፤ ማስነሻ ፋይሉም ዊንዶውሱን ያስነሳል። ቅብብሉ የት ላይ እንደተቋረጠ የሚናገረው ስክሪኑ ነው።

ባዮሱ ውስጥ የዲስኩ ስም ጭራሽ ከሌለ ዊንዶውሱን አይውቀሱት። የዳታ ኬብሉን ይቀይሩ፤ የኃይል ኬብሉን ነቅለው ይሰኩ። በኤክስፒ «ኤንቲኤልዲአር የለም»፣ በ7 ደግሞ «ቡትማኔጀር የለም» የሚል መልእክት ከመጣ ዲስክ ተገኝቷል፤ የጠፋው ማስነሻው ነው። እዚህ ላይ ከሁሉ በፊት የተሰካ ፍላሽ ካለ ይንቀሉ። ባዮሱ ከዲስኩ ይልቅ ፍላሹን ቀድሞ ሲያነብ ልክ ይህንኑ መልእክት ሊያመጣ ይችላል።

ሰማያዊ ስክሪን ብልጭ ብሎ ኮምፒውተሩ እንደገና የሚነሳ ከሆነ፣ ሲበራ ኤፍ 8ን ደጋግመው ይጫኑ። ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ሲስተሙ ሲበላሽ በራሱ እንዳይነሳ የሚያደርገውን ምርጫ ይውሰዱ። አሁን ስክሪኑ ቆሞ ይጠብቅዎታል። ኮዱን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

እየሞተ ያለ ዲስክን ለመጠገን መሞከር

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ስህተት ይህ ነው። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ አንድ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጃል። ሰውየው ግን ቼክ ዲስክ የተባለውን የዊንዶውስ መፈተሻ ያስሮጥበታል። ቼክ ዲስክ የተዘበራረቀ የፋይል መዝገብ ያስተካክላል እንጂ የተጎዳ ዲስክ አያድንም። የመጥፎ ሴክተር ፍተሻው ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያነባል፤ በላዩም ላይ ይጽፋል። የቀረችው ትንሽ ዕድሜ ለዚህ ትውላለች።

ስለዚህ መጀመሪያ የዲስኩን ጤና ይዩ። ሀርድ ዲስኮች ስማርት የሚባል የራሳቸው መዝገብ አላቸው፤ በነፃ ፕሮግራሞች ይነበባል። ሁለት ቁጥሮች ላይ ያተኩሩ። አንደኛው ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች ብዛት ነው። ሁለተኛው ማንበብ አቅቶት በይደር የያዛቸው ሴክተሮች ብዛት ነው። ሁለተኛው ከዜሮ ከበለጠ፣ ወይም ከሁለቱ አንዱ በየቀኑ ከጨመረ፣ ጥገናውን ይተዉትና ፋይሉን ያውጡ።

ለዚህ ዊንዶውስን ተክቶ ከፍላሽ የሚነሳው ሊኑክስ የተባለ ሲስተምና ዲዲሬስኪው የተባለው ፕሮግራም ጥሩ ናቸው። ዲዲሬስኪው በቀላሉ የሚነበበውን አስቀድሞ ይቀዳል፤ አስቸጋሪውን ለኋላ ይተወዋል። የደረሰበትን ስለሚመዘግብ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ጥገናውን በቅጂው ላይ ይሞክሩ። ዋናውን ዲስክ አይንኩት።

የባዮስን ለውጥ አለመጠርጠር

አንድ ጓደኛዬ በኤክስፒ የሚሠራ ኮምፒውተር አመጣልኝ። የዓመታት የደንበኞች ሂሳብ በውስጡ አለ። ጠዋት ሲያበራው አርማው ብቅ ይልና በ7ቢ የሚያልቅ ኮድ ያለው ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖለታል። ለጥቂት ቀን ይሠራል፤ ከዚያ ያው ነው።

ባዮሱን ከፈትኩ። ሰዓቱ 2009 ጃንዋሪ 1 ይላል። ያኔ ገባኝ። ጓደኛዬ ማታ ሶኬቱን ነቅሎ ነው የሚሄደው። እናት ቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች። ኃይል ሲቋረጥ ባዮሱ ሁሉን ረስቶ ወደ ፋብሪካ ምርጫው ይመለሳል። የዚያ ቦርድ የፋብሪካ ምርጫ ደግሞ ኤኤችሲአይ ነበር። ኤክስፒ የተጫነው ግን በአይዲኢ ነው። ሁለቱ ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርባቸው የተለያዩ መንገዶች ናቸው። ኤክስፒ የኤኤችሲአይ ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን የሚያናግር ፕሮግራም፣ ይዞ አይመጣም፤ ስለዚህ የተነሳበትን ዲስክ ራሱን ማየት ያቅተዋል።

ባለ 3 ቮልት ሲአር 2032 ባትሪ ቀየርኩ፤ ምርጫውን ወደ አይዲኢ መለስኩ፤ ተነሳ። አንድም ፋይል አልተነካም።

በአይዲኢ የተጫነ ዊንዶውስ 7 ላይም ይኸው ይደርሳል። እሱ ግን ድራይቨሩ አለው፤ ተኝቶ ነው ያለው። ወደ ኤኤችሲአይ መቀየር ከፈለጉ አስቀድመው በአይዲኢ ያስነሱትና የዊንዶውስ የምርጫዎች መዝገብ በሆነው ሬጅስትሪ ውስጥ ኤምኤስኤኤችሲአይ በሚለው ስር «ስታርት» የሚለውን ዋጋ 0 ያድርጉ። ባዮሱን ከዚያ በኋላ ይቀይሩ።

የድሮ ሲስተምን አቅም ሳያውቁ አዲስ ዕቃ መስጠት

የመጀመሪያው ኤክስፒ፣ ሰርቪስ ፓክ 1 የተባለው የማይክሮሶፍት የማሻሻያ ጥቅል ሳይጨመርበት፣ ከ137 ጊጋባይት በላይ ያለውን የዲስክ ቦታ አያውቅም። የመጫኛ ሲዲዎ ሰርቪስ ፓክ ያካተተ ይሁን። ባለ 32 ቢት ኤክስፒ ጂፒቲ በተባለው አዲሱ የአከፋፈል ዘዴ የተከፋፈለ ዲስክንም አያነብም። ፋይሎቹ ስላልታዩ ብቻ ባዶ ነው ብለው ዲስኩን እንደ አዲስ እንዳይከፋፍሉት፤ ባዶ ላይሆን ይችላል።

ዊንዶውስ 7 ደግሞ የዩኤስቢ 3 ድራይቨር የለውም። ባዮስ ውስጥ ሲሠራ የነበረው ኪቦርድ መጫኛው ሲከፈት ይሞታል። ወይም መጫኛው ራሱ የሲዲ ድራይቨር ጎደለ ብሎ ያቆማል። ሰው ሲዲው ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ይፈልጋል። ወደ ዩኤስቢ 2 መሰኪያ ያዛውሩት፤ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ያልሆነው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በወጡ ብዙ ቦርዶች ግን ይህም አይሠራም፤ ሁሉም መሰኪያ በዩኤስቢ 3 መቆጣጠሪያ በኩል ነው የሚያልፈው። ያኔ ድራይቨሩን መጫኛው ፍላሽ ውስጥ አስቀድሞ መክተት ግድ ነው።

አሮጌውን ከአዲሱ በኋላ መጫን

7 ባለበት ዲስክ ላይ ኤክስፒን ቢጨምሩ፣ ኤክስፒ የራሱን ማስነሻ ኮድ ይጽፍና 7 ከእይታ ይጠፋል። ጠፋ እንጂ አልተሰረዘም። በ7 ዲቪዲ ገብተው የማስነሻ ጥገናውን ያስኪዱ፤ 7 ይመለሳል። ኤክስፒን በምርጫው ውስጥ ለማስገባት ግን ተጨማሪ ሥራ አለ። ሁለቱንም ከባዶ የሚጭኑ ከሆነ ከኤክስፒ ይጀምሩ።

እንደተነሳ ኔትወርክ ላይ መስካት

ሰርቪስ ፓክ 2 የሌለው ኤክስፒ ከኔትወርክ የሚመጣን ጥቃት የሚከለክለው ፋየርዎሉ በራሱ አይበራም። እ.ኤ.አ. በ2004 የተሰራጨው ሳሰር የተባለ ቫይረስ፣ የኮምፒውተሩ ባለቤት ምንም ሳይነካ ነበር የሚገባው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ ሲመጣም ማስተካከያውን ያልጫኑ በርካታ ዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮች ተቆልፈዋል። የድሮው ፕሮግራም ኢንተርኔት ካላስፈለገው ኬብሉን አይሰኩ። ፋይል በፍላሽ ያመላልሱ።

ሁሉም ነገር በደንብ በሠራበት ዕለት የዲስኩን ሙሉ ኢሜጅ፣ ማለትም እንዳለ የተወሰደ ቅጂ፣ ሠርተው ሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። የባዮሱን ገጾችም አንድ በአንድ ፎቶ ያንሱ። ባትሪዋ ስትሞት ዊንዶውሱ በምን ምርጫ እንደተጫነ የሚነግርዎት ያ ፎቶ ነው።