ውሃ ገንዳው ዙሪያ የተራቆተውን መሬት እንዴት እንዳስመለስኩት

ሳር እያለ ከብቶቼ ይከሱብኝ ነበር፣ መጀመሪያ የግጦሽ እጥረት መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሩቅ ያለው ሳር ማንም ሳይነካው ይደርቃል ውሃው አጠገብ ያለው ደግሞ በየቀኑ እየተጋጠና እየተረገጠ መሬቱ እንደ ሲሚንቶ ደርቋል፣ ዝናብ ሲመጣም ሳይሰርግ ላይ ላዩን ይሄዳል።

የከብት ቁጥር ቀነስኩ፣ ምንም። የቀሩትም የሚውሉት እዛው ነዋ! ከዛ የሚልሱትን ጨው ከውሃው 1 ኪሎሜትር ገደማ አርቄ ወዳልተነካው ሳር ወሰድኩት፣ ይሄ ብቻውን የችግሩን ግማሽ ፈታልኝ። ግጦሹንም 4 ቦታ ከፍዬ በየተራ ማስጋጥ ጀመርኩ፣ ግን የምንነሳው ካላንደር አይተን ሳይሆን ሳሩን አይተን ነው፣ ግማሽ ያህሉ ሲበላ እንወጣለን፣ ከዛ እያለፈ ሲሄድ የስሩ እድገት መቆም ይጀምራል፣ በደረቅ ጊዜ ደግሞ ሳሩን በህይወት የሚያቆየው ስሩ ነው።

የተራቆተው ላይ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ የሚይዝ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ቆፈርን። አፉ (ክፍት የሆነው ጎኑ) ወደ ዳገቱ መዞር አለበት (እኔ የመጀመሪያዎቹን ገልብጬ ቆፍሬ ጠብታ ውሃ አልያዙም፣ እንዳትስቁ)። ውስጡ ፍግና የሳር ዘር፣ ከላይ ከብት እንዳይረግጠው የእሾህ ቅርንጫፍ። በመጀመሪያው ዝናብ የወጣው ባብዛኛው አረም ነው፣ አልነቀልኩትም፣ ቢያንስ አፈሩን ከፀሐይ ይሸፍናል። ከዓመት ዓመት የሚቆየው ሳር የያዘው በ2ኛው ዝናብ ነው፣ እስከዛ አንድም ከብት አላስገባሁም፣ አሁንም የማስገባው ዘሩን ካራገፈ በኋላ ነው።