አሜሪካ ውስጥ ለሚንተባተብ ልጅ የንግግር ሕክምና እንዴት ይገኛል?

መንተባተብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ልጆች ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ሲሆን፣ ብዙዎቹም እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል። ይሁን እንጂ የትኛውን ልጅ እንደሚተወው አስቀድሞ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ችግሩ 6 ወር ካለፈው፣ ከቤተሰቡ የሚንተባተብ ሰው ካለ ወይም ልጁ መናገር መሸሽ ከጀመረ «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ መጠበቅ ተገቢ አይደለም።

በመጀመሪያ የሚያዩትን ይመዝግቡ። «እ፣ እ፣ እማዬ» እያለ ይደጋግማል? ወይስ ከንፈሩ ገጥሞ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ ድምፁ አልወጣ ይለዋል? በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሲያወራ በስልክዎ ይቅረጹት፤ ልጆች ባለሙያ ፊት ሲቀርቡ አንዳንድ ጊዜ ምንም ሳይንተባተቡ ስለሚመለሱ ቅጂው እጅግ ይጠቅማል።

ቀጥሎ በአካባቢዎ ላለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ደብዳቤ ይጻፉ። የፌዴራሉ ሕግ ከ3 እስከ 21 ዓመት ለሆናቸውና ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ልጆች ምርመራውም ሆነ ሕክምናው በነፃ እንዲሰጥ ያዛል። «ልጄ ስለሚንተባተብ የንግግር ምርመራ እንዲደረግለት እጠይቃለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ የልጁ ስም፣ ቀንና ፊርማ ይበቃል፤ አንድ ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ። ለአስተማሪው በቃል ብቻ የተነገረ ጥያቄ በቀላሉ ተረስቶ ይቀራልና መጻፉን ችላ አይበሉ። ትምህርት ቤቱ ጥያቄውን ተቀብሎ እርስዎ የፈቃድ ቅጹን ከፈረሙ በኋላ፣ ግዛትዎ የራሱን ቀነ ገደብ ካላወጣ በስተቀር፣ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ስለ ልጁ ድጋፍ ከትምህርት ቤቱ ጋር በሚደረገው ስብሰባ ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ መብትዎ ነው። «ማርኩ ጥሩ ነው፣ ሕክምና አያስፈልገውም» ቢሉዎት በዚያ ብቻ አይመለሱ፤ መልሱን እያወቀ እንዳይንተባተብ ፈርቶ እጁን የማያወጣ ልጅ ትምህርቱ ተነክቷል።

ከትምህርት ቤት ውጭ ባለሙያ ከፈለጉ የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር ወይም ከ1947 ጀምሮ በመንተባተብ ጉዳይ ላይ የሚሠራው ስተተሪንግ ፋውንዴሽን በድረ ገጻቸው የባለሙያዎች ዝርዝር አላቸው። ልጁ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ካለው ክፍያው ሊሸፈንለት ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ። የንግግር ሕክምና ባለሙያ ሁሉ በመንተባተብ ላይ ልምድ አለው ማለት አይደለም። ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት «ስንት የሚንተባተቡ ልጆች አክመዋል? ወላጅስ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?» ብለው ይጠይቁ፤ ለምሳሌ ለትንንሽ ልጆች የሚሰጠውና አውስትራሊያ ውስጥ የተጀመረው የሊድኮምብ ዘዴ በአመዛኙ የሚከናወነው በየቀኑ በወላጅ እጅ ነው። በጥቂት ቀን ፈጽሞ አድናለሁ የሚል ሰው ካጋጠመዎት ገንዘብዎን አይስጡት። «አማርኛውን ይተውና በእንግሊዝኛ ብቻ ያናግሩት» የሚል ምክርም አይቀበሉ፤ ሁለት ቋንቋ መናገር መንተባተብን አያመጣም፣ ልጁ ግን ከአያቱ ጋር የሚያወራበትን ቋንቋ ያጣል።

ወረፋው ወራት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያው «ቀስ በል፣ ተንፍስ» አይበሉት፤ ቃሉንም አይጨርሱለት። በቀን 5 ደቂቃ ስልክዎን አስቀምጠው፣ ወንድምና እህቶቹ ሳይሻሙት፣ ራስዎም ረጋ ብለው እየተናገሩ ከእሱ ጋር ብቻ ያውሩ።